የጎልደን ስቴትን ጨዋታዎች ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ መከታተል

ጥያቄ፦ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ቡድን የጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ደጋፊ ነኝ፤ ነገር ግን ቱሉ ዲምቱ ስለምኖርና ለሥራ ማልጄ ስለምወጣ የመደበኛውን ውድድር 82 ጨዋታዎች በሙሉ ማየት አልቻልኩም። እናንተ የትኞቹን ትመርጣላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሜዳቸውን ምረጥ። አሜሪካውያን በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ከመለሱ በኋላ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ምሽት የሚጀመረው ጨዋታ እኛ ዘንድ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ላይ ይውላል። እኔ ልጆቹ እንዳይነቁ ድምፁን አጥፍቼ፣ ስልኬን ፔርሙሱ ላይ አስደግፌ፣ ታክሲ ተራ እስክወጣ ድረስ የመጀመሪያውን አጋማሽ አያለሁ።

መልስ፦ በኒውዮርክና በቦስተን የሚደረጉት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚጀመሩ፣ ማታ ድጋሚያቸውን ማየት ይሻላል። ገና የውድድሩ መጀመሪያ አካባቢ ናቸው ብለው የኅዳርን ጨዋታዎች ዝለል በሚሉት ግን አልስማማም፤ እ.ኤ.አ. በ2015/16 ቡድናችን 73 ጊዜ ያሸነፈው የመጀመሪያዎቹን 24 ጨዋታዎች በተከታታይ በመርታት ጀምሮ ነው።