ሮስተሩ ያልተፈተነውን ልጅ «ተዛውሯል» ይላል፤ ነገ ይፈረማል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሆምሩም 4ለ
ሰላም ለሁላችሁ፣ አስቸኳይ ነው። የክፍሌን ሮስተር ኤክሴል ላይ ሠርቼ አማካይ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ «ተዛውሯል»፣ ካነሰ «ደጋሚ» እንዲል ፎርሙላ አስገብቻለሁ። ሁለት ትምህርት ያልተፈተነ ልጅ «ተዛውሯል» ይለዋል። አማካዩ ላይ በእጄ «ያልተሟላ» ብዬ የጻፍኩባቸውም ሁሉም ተዛውረዋል! አንዲት ልጅ ደግሞ አማካይዋ 50 ሆኖ እየታየ «ደጋሚ» ይላታል። በዚህ ላይ 96 ያመጣ ልጅ አለ፤ ወላጆቹ 5ኛን አጥፎ 6ኛ ይግባልን ብለው ይዘውኛል። ነገ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል። ምን ላድርግ?

ቀይ ብዕር
ፎርሙላውን ከመጀመሪያው ተማሪ ኮፒ አድርገህ እስከ ታች ጎትተው። ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አንዱ መስመር ተበላሽቶ ነው።

ጥቁር ሰሌዳ
ከፎርሙላው በፊት ሌላ ነገር አስቡ፤ ማስደገም በራሱ መድኃኒት አይደለም። ሆልምስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ካነጻጸራቸው 63 ጥናቶች በ54ቱ የደገሙት ካለፉት አንሰው ነው የተገኙት። ልጅ እኩዮቹ ሲያልፉ እሱ ሲቀር ይሸማቀቃል፤ ከፍ ሲል ደግሞ በዕድሜ ከሁሉም በልጦ ይቀመጥና ትምህርቱን ይተዋል። ስለዚህ ማንንም ከማስደገምህ በፊት የራስህን ማስተማር መርምር። ትምህርት ቤቱም ቤተሰቡም ኃላፊነት አለበት። ይህ ለአንድ ሌሊት የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ሆምሩም 4ለ
እሺ፣ እቀበላለሁ። ግን ነገ ጠዋት ነው! ጎትቼዋለሁም፣ ያው ነው።

ጠመኔ
መምህር፣ ችግሩ ሦስት ነው፤ አንድ በአንድ እንየው።

ኤክሴል ቃልን ከቁጥር ጋር ሲያወዳድር ቃል ሁልጊዜ ይበልጣል ብሎ ነው የሚይዘው። አማካዩ ቦታ ላይ «ያልተሟላ» ስትጽፍ «ከ50 ይበልጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ አዎ ይላል፤ ልጁም ይዛወራል። ጎትተህ የማይለወጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አቬሬጅ (አማካይ የሚያወጣው ፋንክሽን) ነው። ባዶ ሳጥንን ይዘለዋል፤ በ9 መካፈል ያለበትን በ7 ያካፍላል። ያልተፈተነው ልጅ ያለፈው በ7ቱ ብቻ ተመዝኖ ነው። ዜሮ ብትሞላበት ደግሞ የሌለውን ውጤት ፈጥረህ ልትጥለው ነው፤ ሁለቱም ልክ አይደለም። መጀመሪያ የተሞላው ውጤት ስንት እንደሆነ ያስቆጥርህ፦

=ኢፍ(ካውንት(የ9ኙ ውጤቶች)<9፣ "ያልተሟላ"፣ ኢፍ(አማካይ>=50፣ "ተዛውሯል"፣ "ደጋሚ"))

የፋንክሽኖቹን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል (IF፣ COUNT) ጻፋቸው፣ መለያውም የእንግሊዝኛ ኮማ ይሁን። ካልተቀበለህ ኮማውን በሴሚኮለን ተካው፤ በኮምፒውተሩ አቀማመጥ ይለያያል። ቅደም ተከተሉን ብቻ አታገላብጥ፤ የመሟላቱ ጥያቄ ከ50ው መቅደም አለበት። አማካዩ ላይ በእጅህ የጻፍካቸውን ቃላት ሁሉ አጥፍተህ ቦታው ላይ የአቬሬጁን ፎርሙላ መልስ።

«50» የምትታየው ልጅ 49.6 ወይም እሱን የመሰለ ነገር ትሆናለች። ከነጥብ በኋላ ያለው ተደብቆ ነው እንጂ ኤክሴል የሚያወዳድረው ሙሉውን ነው። ሁለት አኃዝ እንዲታይ አድርግና እየው። ትምህርት ቤቱ ማጠጋጋት የሚፈቅድ ደንብ ካለው አማካዩን በራውንድ ለክፍሉ ሁሉ አጠጋጋ። ደንብ ከሌለ ለእሷ ብቻ በእጅህ 50 እንዳትጽፍ፤ ነገ 49.5 ያላት ሌላ ልጅ ወላጅ ይመጣል።

ቀይ ብዕር
ጎትተው ያልኩትም ይህንኑ ነው፣ አዲሱን ፎርሙላ እስከ ታች ይጎትተው።

ዩኒት ሊደር
ፎርሙላው ሲስተካከል «ደጋሚ» የሚላቸው ልጆች ይመጣሉ፤ ከባዱ ሥራ ያኔ ነው የሚጀምረው። መምህር፣ አማካይ 50 የሚለው መስመር ማንን ቀረብ ብለህ ማየት እንዳለብህ ነው የሚነግርህ። ለምን እንደወደቀ አይነግርህም። 43 ያመጡ ሁለት ልጆች አንዱ ዘጠኙም ላይ 43 ነው፣ ሌላው ሰባቱን አልፎ ሁለቱን አልተማረም። ለሁለቱም አንድ ቃል መጻፍ ተገቢ አይደለም።

እያንዳንዱ ልጅ ከትምህርት ስንት ቀን እንደቀረ እይ። ሰሌዳው ይታየው እንደሆነና መስማቱን አረጋግጥ፤ ኋላ ተቀምጦ የሚያጨናብስ ልጅ መነጽር እንጂ ሌላ ዓመት አያስፈልገውም። ከዚያ ንባብ፦ ከክፍሉ መጽሐፍ አይቶት የማያውቀውን 100 ቃል ያህል ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያንብብልህ፤ አንተ በሌላ ኮፒ ላይ የሳተውን እያሰመርክ ተከታተል። ከ10 ቃል በላይ ከሳተ ጽሑፉ ከብዶታል። የ3ኛውን ስጠው፣ ከዚያ የ2ኛውን። በየትኛው ላይ እንደሚቀናው ስታገኝ የቆመበትን ቦታ አወቅህ። የ2ኛ ክፍል ጽሑፍ ላይ የቆመ ልጅ 4ኛን ቢደግም ያንኑ የማያነበውን መጽሐፍ ነው ለሁለተኛ ጊዜ የምትሰጠው።

የአንድ ወይም ሁለት ትምህርት ክፍተት ብቻ ከሆነ በድጋሚ ፈተና ወይም በሁኔታ ማዛወር ይሻላል፤ ደንባችሁ ከፈቀደ። በሁኔታ ስትል ግን ወረቀት ይኑረው፦ የትኛው ችሎታ፣ ማን ያስተምረዋል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በስንተኛው ሳምንት ይፈተሻል። ስድስተኛው ሳምንት ጥሩ ነው፤ ገና የሚስተካከልበት ጊዜ አለ።

የሁለት ልጆች እናት
96 ያመጣው ልጅስ? ወላጆቹ ይለፍልን ብለዋል፤ ልጁን የጠየቀው አለ? መምህር፣ እባክዎ ለብቻው ያናግሩት።

ጥቁር ሰሌዳ
ወላጅ ሁሉ ልጄ ጎበዝ ነው ይላል። ክፍል ማጠፍ ልጅነትን መስረቅ ነው፤ ይቅር።

የፈተና ሰው
ጥቁር ሰሌዳ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሁለቱም ላይ አልስማማም። ስለ መድገም የጠቀስካቸው የቆዩ ጥናቶች ብዙዎቹ የደገመውን ካልደገመው ጋር ሲያነጻጽሩ ሁለቱ ልጆች ቀድሞውንም እኩል አልነበሩም። በታችኛው ክፍል፣ ከተጨማሪ ትምህርት ጋር ሲደገም ለጥቂት ዓመት መሻሻል የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ መሻሻሉ ግን እያደር ይቀንሳል። 8ኛ አካባቢ ሲሆን ትምህርት የማቋረጥ አደጋው ይጨምራል። የ2ኛና የ8ኛ ክፍል ልጅ በአንድ መልስ አይታዩም።

ስለ ማጠፍ፦ 96 የሚያሳየው የ4ኛን መጨረሱን ብቻ ነው። ፈተናው ጣሪያው ላይ ደርሷል፤ ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደሚያውቅ አይለካም። የ5ኛን የዓመት መጨረሻ ፈተና ሒሳብና ቋንቋ ሳይዘጋጅ ይፈተን። በእኔ ግምት ሁለቱም ላይ 80 አካባቢ ካመጣ በቁም ነገር ይታሰብበት፤ የሳታቸው ጥያቄዎች ደግሞ በዕረፍቱ የሚሞሉትን ክፍተቶች ይነግሩሃል። ሒሳብ 85 ሆኖ ቋንቋ 50 ከሆነ ክፍል አያጥፍ፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ወደ ላይኛው ክፍል ይግባ። ለዚህ የሁለቱ ክፍሎች ሒሳብ በአንድ ሰዓት መዋል ስላለበት ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ንገራቸው።

አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተዘጋጀው የማጠፍ መመዘኛ ወዲያው «አይሆንም» የሚያሰኙ ነገሮች አሉት፦ ልጁ ራሱ ካልፈለገ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ በሚገባበት ወይም አሁን ባለበት ክፍል ካለ፣ የአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤቱም ከአማካዩ ቢያንስ በአንድ ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ውጤቶች ከአማካዩ በተለምዶ በሚርቁበት መጠን) ካልበለጠ። እናቲቱ ያሉት ጥያቄ እዚያ ላይ ከዋናዎቹ አንዱ ነው። የእጅ ጽሑፉ አለማማሩ ወይም ቁመቱ ማጠሩ ግን ምክንያት አይሆንም።

ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት አያልቅም፤ ማለቅም የለበትም። ነገ «ወደ 5ኛ ተዛውሯል» ተብሎ ይፈረም። ማጠፉ በቃለ ጉባኤ ለብቻው፣ ዓመቱ ሳይጀመር ይወሰን።

ሆምሩም 4ለ
እግዜር ይስጥልኝ! ካውንቱን አስገባሁት። አሁን ስድስት ልጆች «ያልተሟላ» ይላሉ። ሁለቱ ልክ ነው፤ አራቱ ግን ዘጠኙም ተሞልቶላቸዋል! ከመካከላቸው አንዱ በሁለተኛው ሴሚስተር በዝውውር የመጣ ነው።

ቀይ ብዕር
ጎትተኸዋል?

ጠመኔ
የአራቱን ውጤቶች እይ፤ በሳጥኑ ግራ ጠርዝ የተጠጋ ወይም ጥጉ ላይ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ያለበት ቁጥር ካለ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ነው የያዘው፤ ካውንት አይቆጥረውም፣ አቬሬጅም ሲዘለው ነበር። ምረጠውና በሚወጣው የቃለ አጋኖ ምልክት «ወደ ቁጥር ቀይር» የሚለውን ንካ። ካልተቀየረ ወይ ከኋላው ክፍተት አለበት፣ ወይ ከዜሮ ይልቅ የእንግሊዝኛው ኦ ተጽፎበታል፤ አጥፍተህ እንደገና ጻፈው። ለዝውውሩ ልጅ የመጀመሪያ ሴሚስተሩን ከመጣበት ትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት ውሰድ፤ እስኪመጣ «ያልተሟላ» ይቆይ።

ደረጃ ለማውጣት ስትደረድር ከስም እስከ መጨረሻው ዓምድ ሁሉንም ምረጥ፤ አንድ ዓምድ ብቻ ከደረደርክ ስምና ውጤት ይለያያል። ከመታተሙ በፊት የአንደኛውን፣ የመጨረሻውንና 50 አካባቢ ያሉትን ሁሉ በካልኩሌተር ደምረህ አመሳክር።