አበልጄ ቤት ሲኒውን በነጠላዬ ስጠርገው አየችኝ፤ አሁን ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የቀበሌ 14ቷ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ባሕር ዳር ነኝ። የማማክረው ሰው አጥቼ አይደለም፣ የማማክራቸው ሁሉ እሷንም ስለሚያውቋት ነው እዚህ የጻፍኩት።

አንዲት ጓደኛ አለችኝ። የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አበልጄም ናት። አባይ ማዶ የጭቃ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ልጆቿ ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ መንታ፣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ባሏ ሥራው ሌላ ከተማ ነው፣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ልቧ ግን ወርቅ ነው፣ እናቴ ስትታመም ሆስፒታል ከእኔ እኩል ያደረች እሷ ናት።

ቤቷ ግን እንዴት ልበላችሁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታ ነው። ሶፋው በልብስ ተሞልቷል፣ ሊሾው ላይ የትናንት ፍርፋሪ አለ፣ ሲኒው ውስጥ ያለፈው ቡና ክብ ሠርቶ ደርቋል። እኔ ደግሞ እጸየፋለሁ፣ ምን ላድርግ፣ እናቴ እንደዚያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ በሄድኩ ቁጥር አንዴ ጨጓራዬን፣ አንዴ በልቼ ነው የመጣሁት፣ አንዴ ጾም ነኝ እላለሁ።

ባለፈው እሑድ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። ሲኒውን ስትሰጠኝ ሳላስበው ጠርዙን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ምንም አላለችም። ቶናውንም በረካውንም ዝም ብላ ቀዳች። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፣ እኔም አልደወልኩም።

ሌላም አለ። የማርያም ማኅበር አለን፣ የሕዳር 21 ተረኛ እሷ ናት። ሁለት ማኅበርተኞች ለብቻዬ ጠርተው «እዚያ ቤት እህል አይበላም፣ ተራዋን አንቺ ውሰጂላትና ንገሪያት» አሉኝ። አፌ ላይ እምቢ ብዬ ሆዴ ግን ተስማማ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ስለ ሲኒው ይቅርታ ልበል ወይስ ዝም ብል ይሻላል? ስለ ቤቱስ እንዴት ነው የሚነገረው?

ፊትለፊት

ንገሪያት! ጓደኛ ካልነገረ ማን ይንገር? ድህነት ሌላ፣ ቆሻሻ ሌላ። ውሃ እንደሆነ በነጻ ነው፣ ሳሙና ደግሞ ያን ያህል አይደለም። እኔም ብሆን አልጠጣም።

የመንታ እናት

@ፊትለፊት ውሃ በነጻ የሚገኘው የት አገር ነው? አድራሻውን ስጠኝና ልግባበት። እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም ሌሊት። ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ጀሪካን እደረድራለሁ፣ አንዱ ልጅ ጡት ይዞ፣ አንዱ እያለቀሰ። ጠዋት ውሃውን ሳካፍለው ለልጆቹ ገላ፣ ለሽንት ጨርቅ፣ ለወጥ፣ ለመጠጥ ይሄድና ለሊሾው የሚተርፈው አንድ ጆግ ነው።

የቀበሌ 14ቷ፣ ጥያቄሽን ሳነብ እኔን የጻፍሽ መስሎኝ ልቤ ነው የመታው። ሶፋ ላይ ተቆልሏል ያልሽው ልብስ እኮ የቆሸሸ አይደለም። ታጥቦ ደርቆ የሚያጥፈው ያጣ ነው። እኔ ቤት ያ ክምር ከወለድኩ ጊዜ ጀምሮ አለ፣ ከላይ እየወሰድን እንለብሳለን፣ ከሥር ያለው ምን እንደሆነ እኔም አላውቅ። እንግዳ ሲመጣ አንስቼ አልጋ ላይ እወረውረዋለሁ፣ ማታ ከአልጋ ወደ ሶፋ። ሥራ ቢባል ይሄም ሥራ ነው።

አንዴ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ልጆቹን ልይ» ብላ መጣች። ልጆቹን አላየችም። ቴሌቪዥኑን በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ አሁንም ያቺ ጣት ትታየኛለች። ሰው ቤቴ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁን ውሻ ሲጮህ መጋረጃ ነው የምዘጋው። አበልጅሽ ያላንቺ ብዙ ሰው ይመጣባታል ብለሽ ነው? አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አትቀሪም። ለዚያ ነው ሲኒው የከበዳት።

ቆሻሻ ቤት የለም አላልኩም። አለ። ግን አንድ ሰው ሲደክመው ከሁሉ በፊት የሚቀረው ቤቱ ነው፣ ልጁን አይጥልም፣ ሥራውን አይጥልም፣ ወለሉን ነው የሚጥለው።

ነርሷ

የጤና ሰው ነኝ፣ ከሥራዬ አንጻር ብቻ ልናገር። የሚያሳምም ነገርና ዓይን የሚያስቀይም ነገር ይለያያል። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም ሲጀመር 16 ፓኬጅ ነበረው። ትልቁ ክፍል የንጽሕና ነው፦ ሽንት ቤት፣ የውሃ አያያዝ፣ የቆሻሻ አወጋገድ፣ የእጅና የፊት መታጠብ። ልብስ ስለማጠፍ የሚል አንድም የለበትም፣ ሶፋም አልተጠቀሰ።

እኔ ሰው ቤት ስገባ የማያቸው ነገሮች ትንሽ ናቸው። የመጠጥ ውሃው ክዳን አለው ወይ፣ ከጀሪካኑ ይቀዳል ወይስ በኩባያ ይጠለቃል? ሽንት ቤቱ አጠገብ ሳሙና አለ? የልጆቹ ፊት ታጥቧል፣ ዓይናቸው ላይ ዝንብ ያርፋል? ይሄን የመጨረሻውን አትናቁት። ትራኮማ በአገራችን በብዛት ካለባቸው ቦታዎች ዋናው ክልላችን ነው፣ ዝንቧም የልጁን ዓይንና አፍንጫ ፈሳሽ ይዛ ነው የምትዞረው። ሲኒው ላይ የደረቀ ቡና ግን ማንንም አልገደለም። ያስጠላል፣ እሺ፣ ያስጠላል።

ሰው ስለሚያማበት አንድ ነገር ልጨምር። ትኋን የቆሻሻ ምልክት አይደለም። በሻንጣ፣ በአውቶቡስ፣ በተገዛ አሮጌ አልጋ ይገባል፤ የሚበላው ደም ነው እንጂ ፍርፋሪ አይደለም። በጣም ንጹህ ቤት ውስጥ አይቼዋለሁ።

ግንበኛው

ስለ ሽታው ልጠይቅ። ምን ምን ይላል? የምግብ ነው፣ የሽንት ነው፣ ወይስ የእርጥብ ጆንያ ዓይነት?

የቀበሌ 14ቷ

እርጥብ ጆንያ! ልክ እሱ። ከክረምት በኋላ ይብሳል።

ግንበኛው

እንግዲያው ሻጋታ ነው፣ ሴትዮዋን ማማቱን ተዉት። የባሕር ዳር ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው፣ ሐይቁም ሜዳውም ቅርብ ነው፣ መሬቱ እስከ ጥቅምት ውሃ እንደያዘ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ይጠጣዋል። አከራይ ደግሞ ቤቱን አዲስ ለማስመሰል ላዩን ሲሚንቶ ይለስነዋል፣ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ የመንታ ልብስ ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ተሰጥቶ ነው የሚደርቀው። ከልብሱ የወጣው ውሃ የት የሚሄድ ይመስላችኋል?

ሶፋውንና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፣ ከኋላው ጥቁር ነገር ታገኛላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መስኮትና በር ተቃራኒውን ክፈቱ። ውጭ ከጣራው የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር የሚተኛ ከሆነ በዶማ ትንሽ ቦይ አውጡለት፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሊሾውንና ሴራሚኩን በበረኪና ይጠረጋል፣ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ። የጭቃውን ግድግዳ ግን በረኪና አያድነውም፣ ይመጠዋል። እሱን አድርቆ፣ ፍቆ፣ ኖራ መቀባት ነው፣ ሻጋታ ኖራ አይወድም። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር እንዳትቀላቅሉ፣ መርዘኛ ጋዝ ነው የሚያወጣው፣ በተለይ ሕፃን ባለበት ቤት።

አንድ ያልገባኝ ነገር ደግሞ አለ። ይህን ሁሉ ስታወሩ ባልየውን አንድ ሰው አላነሳውም። በወር አንዴ ሲመጣ መጥረጊያው የት እንደተቀመጠ ያውቃል?

ፊትለፊት

እሱ ሠርቶ ነው የሚልከው። ደክሞት መጥቶ ቤት ይጥረግ?

የመንታ እናት

እሷ ግን አልደከማትም 😂

እማማ ሽምብጥ

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ እበልጣችኋለሁና ልናገር። እኛ ስናድግ ወለላችን በእበት ነበር የሚለቀለቀው። ዓውደ ዓመት ሲሆን ከሐይቁ ዳር ቄጤማ ታጭዶ ይመጣና ይጎዘጎዛል፣ ቤቱ አረንጓዴ ይሆናል። ያ ቄጤማ ስንቱን ገመና እንደሸፈነ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይገልጠውም።

አንቺ ልጄ፣ ማኅበሩን ከእጇ አትቀሚያት። ጽዋው እቤቷ ሊገባ ስንት ወር ጠብቃለች። ይልቅ እኛ በጊዜያችን ማኅበር ደርሶባት ብቻዋን የምትጨነቅ ሴት አልነበረችም፣ ጠላው ከሚጠነሰስበት ቀን ጀምሮ ነው የምንገባላት፣ አንዷ ጌሾ ትወቅጣለች፣ አንዷ ጋን ታጥናለች፣ አንዷ ልጅ ታዝላለች። ያን ጊዜ ቤቱ አብሮ ይጸዳል፣ ማን እንዳጸዳው አይታወቅም። እነዚያ ሁለቱ «እህል አይበላም» ያሉት ሴቶች እጃቸው ምን ሆነ?

ደግሞ ሕዳር 12 ደረሰልሽ እኮ። ሕዳር ሲታጠን ያገሩ ሰው ሁሉ ጓዳውን አራግፎ ቆሻሻውን አውጥቶ የሚያቃጥልበት ቀን ነው። በ1911 ዓ.ም ያ የሕዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው ይላሉ። «አበልጄ፣ ዘንድሮ አንቺ ጋ ነው የማጥነው» በያት፣ ማን ይከፋዋል? ፌስታልና ጎማ ብቻ አታቃጥሉ፣ ጭሱ ለሕፃናቱ አይሆንም።

የሲኒው ነገር ደግሞ፣ ከተጸየፍሽ ረከቦቱን ራስሽ ያዢ። ቅርብ ሰው ነሽ፣ «ዛሬ እኔ ላፍላ» ብለሽ ሲኒውን ቁልቁል አጥበሽ ደርድሪ። በነጠላ ከመጥረግ ይሄ ይቀላል።

የመንታ እናት

እማማ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይቅደም። ስለ ሲኒው ሳትናገር መጥረጊያ ይዛ ብትሄድ እኔ ብሆን በሩን አልከፍትላትም። ነገሩ ከነጠላው የባሰ ስድብ ነው የሚሆነው፣ ቀድሞ ጠረገችኝ አሁን ደግሞ ልታጥበኝ መጣች እላለሁ። መጀመሪያ ይቅርታ። ያውም አጭር፣ «ሳላስበው ነው፣ አፍሬያለሁ» ብቻ። ስለ አስተዳደጓ፣ ስለ እናቷ ምናምን እንዳትተርክላት።

እማማ ሽምብጥ

እሱስ እውነትሽን ነው ልጄ።

የቀበሌ 14ቷ *(ሕዳር 13)*

ትናንት ሄድኩ። ቃል በቃል እንዳላችሁኝ በሩ ላይ ቆሜ «ባለፈው ሳላስበው ነው፣ አፍሬያለሁ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ሲኒውን እንኳ ትቼዋለሁ፣ ጨጓራሽ ነው የገረመኝ። እኔ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ታሞ አንቺ ቤት ስመጣ አያምሽም» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዚህ አላበቃችም። እኔ ቤት መምጣት ለምን እንደቀነሰች ጠየቅኋት፤ እኔ እኮ ጊዜ አጥታ መስሎኝ ነበር። «ልጆቼ አንቺ ቤት አንድ እርምጃ ሲሄዱ ከኋላቸው በጨርቅ ትከተያቸዋለሽ። ትልቋ ‹እትዬ ቤት መቀመጥ ይቻላል?› ብላ ትጠይቀኛለች» አለች። የክርስትና ልጄ ናት እንግዲህ ይሄን የምትለው። ምንም የምመልሰው አልነበረኝም፣ ምክንያቱም ጨርቁ እውነት ነው፣ ቢጫ ነው፣ ትከሻዬ ላይ ነው የሚውለው።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ሶፋውን ሳብ ስናደርገው ግንበኛው እንዳለው ነው፣ ግድግዳው ከወለል እስከ ጉልበት ጥቁር። እሷ ራሷ ደነገጠች፣ ልጆቹን ሌሊት እንደሚያስላቸው ለሐኪም እንኳ አልነገረችም ነበር። ነርሷ፣ ነገ ጤና ጣቢያ እንወስዳቸዋለን። ልብሱን አጠፍነው፣ ከሥሩ የእኔ የጠፋ ሻሽ ተገኘ። ማኅበሩ እዚያው እሷ ቤት ነው፣ ለሁለቱ ሴትዮዎች ጠላ ለመጥመቅ ቅዳሜ እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ፣ አንዷ እሺ ብላለች፣ ሌላዋ ጨጓራዋን አሟታል።

አከራዩ ግድግዳው አያገባኝም ብሏል። ስለዚህ ኖራውን ራሳችን ልንቀባ ነው። ግንበኛው፣ እንዴት እንቀባው?

ግንበኛው

የፈረሰውን ፍቃችሁ አውጡ፣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይና ነፋስ ይግባበት። ኖራውን ከአንድ ቀን በፊት በውሃ ዘፍዝፉና እንደ ወተት ቀጭን አድርጋችሁ አጥሩት። ሲቀባ ግድግዳውን በትንሹ ውሃ እርጩት። ወፍራም አንድ ጊዜ ከመቀባት ስስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሻላል፣ የመጀመሪያው ሳይደርቅ አትደርቡ። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ሶፋውንም መልሳችሁ ግድግዳው ላይ አትለጥፉት።

ልጆቹን የዚያን ቀን አንቺ ቤት አውያቸው። ጨርቁን ደብቂው።