ምንነቱ ያልታወቀ ጌጠኛ ጩቤ፦ አገሩንና ዕድሜውን ለማስለየት ማን ጋ ይሻላል?

በውርስ ወይም በግዢ እጅዎ የገባ ጩቤ የየት አገር ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጉ፣ በቅድሚያ የምጠቁምዎ ምንም ወጪ የሌለውን መንገድ፣ ማለትም ቅርጹን ከሙዚየም ስብስቦች ጋር ማስተያየትን ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የቅጂ መብት የማይመለከታቸውን ሥራዎች ምስል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በነጻ ስለለቀቀ፣ ከእርሱ መጀመር ይቻላል። ስለቱ እንደ እባብ የሚጥመለመል ከሆነ የኢንዶኔዥያና የማላይ ክሪስ፣ ወደ ፊት ጎብጦ ከእጀታው አጠገብ ትንሽ ቁራጭ የወጣለት ከሆነ የኔፓል ኩክሪ፣ ሰገባው ከታች እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ የየመን ጀምቢያ ወይም የኦማን ኸንጀር፣ እጀታው በጡጫ የሚጨበጥ አግድም ዘንግ ከሆነ ደግሞ የህንድ ካታር ሊሆን ይችላል።

ቅርጽ ግን አገርን እንጂ ዕድሜን አይናገርም፤ ለቱሪስት የተሠራውም ያንኑ ቅርጽ ይይዛልና። ለዕድሜ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የወርቅ ሠሪዎች ማጉያ መነጽር እመርጣለሁ። በመስቀል ራስ ብሎን የታሰረ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ በፊት የተገጠመ ሊሆን አይችልም። በብሩ ላይ 84 የሚል ማኅተም ካዩ፣ ከ1000 እጅ 875ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን የሚያመለክት የቀድሞው የሩሲያ ግዛት ምልክት ሲሆን፣ በካውካሰስ ጩቤዎች ላይ ይገኛል፤ ማኅተምም ቢሆን ይጭበረበራል። በተጨማሪም ስለቱ፣ እጀታውና ሰገባው በተለያየ ዘመን ተሠርተው የተገጣጠሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ እያንዳንዱን ለብቻው መርምሩት።

ከላቦራቶሪ ምርመራዎች መካከል፣ ዕቃውን ሳይጎዳ የብረቱን ይዘት የሚለየው የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ምርመራ ይሻላል። ስለቱ ውስጥ 10.5 በመቶና ከዚያ በላይ ክሮሚየም ከተገኘ የማይዝግ ብረት ነው ማለት ነው፤ ይህ ዓይነት ብረት ለስለት መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1913 ወዲህ በመሆኑ፣ የጥንታዊነቱ ክርክር በዚሁ ያበቃል። የካርቦን ዕድሜ መለኪያን ግን አልመክርም፤ ናሙና ተቆርጦ የሚወሰድበት ከመሆኑም በላይ፣ ካለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ለሆነ ዕቃ የሚሰጠው ውጤት እጅግ የተበታተነ ነው።

ከባለሙያዎች፣ አገሩን ለማወቅ የሙዚየም ባለሙያ ይቀድማል፤ ዋጋ ባይገምትልዎም፣ ከግምቱ የሚያገኘው ጥቅም ስለሌለ ቃሉ ይታመናል። ዋጋም ጭምር ከፈለጉ እንደ ክሪስቲስና ቦናምስ ያሉ ጨረታ ቤቶች በፎቶግራፍ ብቻ የመጀመሪያ ግምት በነጻ ይሰጣሉ። ጩቤውን ሊገዛ የሚፈልግ ነጋዴ የሚሰጠውን ግምት በመጨረሻ ይስሙት። ለማንም ቢልኩ፣ ስለቱን በሁለቱም ገጽ፣ የእጀታውን መጋጠሚያ፣ የሰገባውን ጀርባና ማኅተሙን በቀን ብርሃን ከማስመሪያ ጋር ያንሱ፤ ከዚያ በፊት ግን ዝገቱን አያስወልውሉ፤ ባለሙያው ዕድሜውን የሚያነብበት አንዱ ምልክት እርሱ ነውና። እጀታው የዝሆን ጥርስ ወይም የአውራሪስ ቀንድ ከመሰለዎት፣ ድንበር ከማሻገርዎ በፊት የሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ያጣሩ።