ክርክር፦ ካንሰር የያዘውን ሰው «ጹም፣ ትድናለህ» ማለት ልክ ነው?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች! በቴሌግራም የሚዞረው ድምፅ ደርሷችኋል? «ካንሰር ያለበት ሰው 72 ሰዓት ውኃ ብቻ እየጠጣ ይጹም፤ አውቶፋጂ ካንሰሩን ይበላዋል» ይላል። አውቶፋጂ ማለት ሴል የራሱን ክፍል የሚበላበት ሂደት ነው። እኔ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ እየላክሁት ነው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል የተሸለመው በዚሁ ነው። ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት ስንቱን ቤት አራቆተ! ጾም ገንዘብ አይጠይቅም። ምን ትላላችሁ?

ሲስተር ከመናኸሪያ፦ ወንድሜ፣ እባክህ መላክህን አቁም። የምሠራው ካንሰር ክፍል ነው። የኬሞ መጠን የሚሰላው በታማሚው ቁመትና ክብደት ነው። ሰው ሳይነግረን ጾሞ፣ ከስቶ ሲመጣ እንደገና ይሰላል። አንዳንዴም ቀጠሮው ይተላለፋል። ካንሰሩ በዚያ መሃል ያድጋል።

የታቦሩ መምህር፦ ኦሱሚ የተሸለመው እርሾ ላይ ባደረገው ምርምር ነው። ሴል የተበላሸ ክፍሉን ሰብስቦ ያፈርሰውና መልሶ ይጠቀምበታል። ኦሱሚ ይህን ሥራ የሚመሩትን ጂኖች ለየ። ካንሰር በጾም ይድናል አላለም።

ደግሞም ካንሰሩ ራሱ ሴል ነው! ሲራብ እሱም አውቶፋጂ ይጀምራል፤ በዚያም ከሞት ያመልጣል። ነገሩ ሁለት ፊት አለው። ለአውቶፋጂ ከሚያስፈልገው፣ ቤክሊን 1 ከሚባለው ጂን አንዱ ቅጂ የጎደላቸው አይጦች ዕጢ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ካንሰር ሳይመጣ በፊት አውቶፋጂ ጠባቂ ነው። ከመጣ በኋላ ግን የቆሽት ካንሰርን የመሰለው በእሱ ነው የሚኖረው። የደም ካንሰር ስቴም ሴሎችም (ሌሎቹን የሚያፈሩት እናት ሴሎች) ኢማቲኒብ የተባለውን መድኃኒት በዚሁ ዘዴ ሲቋቋሙ በላቦራቶሪ ታይቷል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ከካንሰር መድኃኒት ጋር የሞከሩት። ይህ መድኃኒት የምናውቀው የወባ መድኃኒት የክሎሮኪን ዘመድ ነው። የሚሰጡት አውቶፋጂን ለማስቆም ነው፤ ለማስነሳት አይደለም።

72 ሰዓት የሚሉት ቁጥርም አያሳምነኝም። በረሃብ ላይ ያለው መረጃ አብዛኛው ከአይጥ የመጣ ነው። የአይጥ ሦስት ቀንና የሰው ሦስት ቀን እኩል አይደለም።

ጋሽዬ፦ ልጆች፣ ጾምን ባትነኩት ደስ ይለኛል። ሁዳዴን ስንጾም ነው የኖርነው፤ ምን ሆንን?

እህት ከአዲስ ከተማ፦ ጋሼ፣ ጾምን የነካ የለም። በእናንተ የታመመ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ይበላ የለ? በእኛም በሮመዳን በሽተኛ ያፈጥራል፤ ሲድን ቀዷውን ያወጣል፤ ያለፈውን ቀን መልሶ ይጾማል። ሃይማኖት ያዘነለትን ሰው እኛ በቴሌግራም ለምን እናስርበዋለን?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ እሺ፣ ግን ጾም በኔዘርላንድስ 131 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተሞክሯል። ዕጢያቸው በተሻለ የቀነሰላቸው ነበሩ። ይህንን ለምን ትዘሉታላችሁ?

የታቦሩ መምህር፦ ጥሩ አመጣህ፤ ጥናቱ መናቅ የለበትም። ግን እነሱ ከኬሞው ጋር ነው ያደረጉት፤ በኬሞ ፋንታ አይደለም። ውኃ ብቻ አልነበረም፤ የተመጠነ ምግብ ለጥቂት ቀን፣ በሐኪም ክትትል። ዕጢው ጨርሶ የጠፋላቸው ሰዎች ሲቆጠሩ ደግሞ ምግባቸውን በቀነሱትና ባልቀነሱት ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ድምፁን አላጠፋም። ከሥሩ ግን «ሐኪም አማክሩ» ብዬ እጽፍበታለሁ።

ሲስተር ከመናኸሪያ፦ አይበቃም። «ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጹም» ብለህ ጻፍ፤ ከላይ አድርገው። ብዙው ሰው እስከ ሥሩ አይደርስም።