የሚያስማማን ገለልተኛ ሰው ከየት እናግኝ? የእናታችን ቤት ጉዳይ ነው

የቀበናዋ (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ? ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። እናታችን ካረፈች 2 ዓመት ከ4 ወር ሆናት። ሦስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድማችን እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። እኔ ተከራይቼ ሲኤምሲ ነኝ። ትንሿ እህታችን አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ናት። ግቢው ውስጥ አራት ሰርቪስ ቤቶች አሉ። ኪራዩን የሚሰበስበው ወንድማችን ነው። እኛ እስካሁን አንድ ብር አላየንም። የወራሽነት ማስረጃው በሦስታችንም ስም ወጥቷል፣ ቤቱ ግን አልተከፈለም።

ክስ አልፈልግም። ወንድሜን ችሎት ፊት ማቆም አንጀቴ እሺ አይለኝም። እሱም «በሽምግልና እንጨርሰው» ብሏል። ችግሩ ይዟቸው የመጣው ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ አበልጁ ናቸው፣ ሌላው አብሮት እቁብ የሚጥል ሰው ነው።

ሥራውን የሚያውቅ፣ ለማንም የማያደላ ሰው ከየት ይገኛል? አንድ ይበቃል ወይስ ሦስት? የሚሉት ነገርስ ያስገድደናል? እህቴስ እዚያ ሆና እንዴት ትገባበታለች?

ጃንሜዳ
ክሰሺውና ግልግል በይ። ሽምግልና ማለት ቡና እየጠጡ ዓመት መግፋት ነው።

ጠበቃው
ጃንሜዳ፣ ችሎት ስትመላለስ ዓመት የማይገፋ መሰለህ እንዴ? 

እህቴ፣ «ሽማግሌ» በሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ሥራ ተደባልቆ ስለሚነገር ልለይልሽ። አስታራቂ ወይም አስማሚ የሚባለው ያነጋግራችኋል እንጂ አይፈርድባችሁም። እናንተ እሺ ካላላችሁ ምንም ነገር የለም። ገላጋይ ዳኛ ግን ይፈርዳል፣ ውሳኔውም ይፈጸማል። ሁለቱንም የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። የአዋጁ አንቀጽ 7 ወደ ግልግል ዳኝነት የማይሄዱ ጉዳዮችን ሲዘረዝር ፍቺን፣ ጉዲፈቻን፣ ሞግዚትነትን፣ ውርስን፣ የመሬት ጉዳይን ይጨምራል። ስለዚህ «ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን እቀበላለሁ» የሚል ወረቀት ቢያመጡልሽ እንዳትፈርሚ። እናንተ የምትፈልጉት አስማሚ ነው። በስምምነት መካፈልን ማንም አይከለክላችሁም።

አሁን ደግሞ ከሽማግሌው የሚቀድም ነገር አለ። ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 ላይ ሌላ ሰው የያዘውን የውርስ ንብረት ለመጠየቅ የ3 ዓመት ይርጋ (ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ) አለ። ሁሉም ወራሽ ሆኖ ማስረጃ ባወጣበት ጉዳይ ይሠራል አይሠራም የሚለው ያከራክራል። ቢሆንም 2 ዓመት ከ4 ወር ብለሻል። «ሽምግልና ላይ ነን» እያላችሁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። ማስረጃሽን ይዘሽ በዚህ ሳምንት አንድ ጠበቃ አማክሪ። ማማከር መክሰስ አይደለም።

እቴነሽ
እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የባለቤቴ ቤተሰብ በቤት ተጣልቶ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ አላማቸውም። አስታረቁን። ተሳሳምን፣ በግ ታረደ። ወረቀት ግን የለም! «በእግዚአብሔር ፊት የተባለ ነው» ተባለ። በስምንተኛው ወር አንደኛው ወገን «እኔ እንደዚያ አላልኩም» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አርፈዋል፣ ሁለቱ የተለያየ ነገር ያስታውሳሉ። ጠበቃ ጋ ስንሄድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በቃል እንደማይሆን ነገረን። አሁንም እንደተኮራረፍን ነን።

ጠበቃው
እቴነሽ ያለችው ልክ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ቤትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ስትስማሙ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ሂዱ። ክስ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ስምምነቱን ለችሎቱ አቅርባችሁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 274 መሠረት ማስመዝገብ ይቻላል።

ሰው ከየት ይገኛል ላልሽው፣ እኔ ባለሁበት ሥራ ብዙ ጊዜ ጥሩ ሆነው ያየኋቸው ጡረታ የወጡ ዳኞችና የቤተሰብ ጉዳይ ሲይዙ የቆዩ ጠበቆች ናቸው። ለአንዳችሁም ጥብቅና ቆመው የማያውቁ መሆን አለባቸው። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ፍርድ ቤት መር አስማሚነት አላቸው። ያ ግን ፋይል ከተከፈተ በኋላ ነው። አስማሚው ጋ ካልተስማማችሁ ፋይሉ ወደ ችሎት ይመለሳል። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት የግልግል ዳኝነት ተቋም አለው፣ ግን የነጋዴ ጭቅጭቅ ቦታ ነው፣ ለእናንተ አይሆንም። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ያማክራል።

ማሂ
ይቅርታ፣ በመሀል ልግባ። የእኔ የፍቺ ጉዳይ ነው። የሁለታችን ቤተሰቦች ተሰብስበው «ከዛሬ ጀምሮ ተፋታችኋል» ብለው ፈርመው ሰጡን። ያ ይሠራል?

ጠበቃው
አይሠራም። ድሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ማፋታት ይችሉ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠው። አሁን የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ፣ ካልሆነም ስለ ልጆችና ስለ ንብረት ማስማማት ነው። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ የመፋቻ ስምምነቱን አዘጋጅታችሁ ራሳችሁ ለፍርድ ቤት አቅርቡ። ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ አትደንግጪ።

ጋሼ ሽበት
ልጄ የቀበናዋ፣ እኔ እድራችን ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ሸምግያለሁ። ሙያው የለኝም፣ የሕጉን ነገር ጠበቃው ነግሮሻል። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ።

አንደኛው ወገን ብቻ ጠርቶኝ ሄጄ አላውቅም። ሁለቱም በየራሳቸው አፍ «ጋሼ ይምጡልን» ማለት አለባቸው። አበልጁ ክፉ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ለወንድምሽ ቢፈርዱ አንቺ ታሚያቸዋለሽ፣ ለአንቺ ቢፈርዱ ከእሱ ጋር ይቀያየማሉ። በዚህ ወንበር ላይ እሳቸውንም ማስቀመጥ ግፍ ነው። እንደዚያ ብለሽ ንገሪው፣ «አድሎኛ ናቸው» ብለሽ አትሳደቢ።

ሁለት ሁለት ሽማግሌ ይዞ መምጣት የለመድነው ነገር ነው። ግን የየራስን ሰው ይዞ ሲመጣ ሽማግሌው ጠበቃ ይሆናል። ሁለታችሁም የምታምኑት አንድ ሰው ይበልጣል። ካስፈለገ አንድ የቤተሰብ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይቀመጡ፣ ለማክበር ያህል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። እናታችሁን ያስታመመው ማን ነው?

የቀበናዋ
ጋሼ፣ እሱ ነው። ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ነበረች። እኔ ቅዳሜና እሑድ እሄድ ነበር። እህቴ ብር ትልክ ነበር።

ጋሼ ሽበት
ይሄው። ኪራዩን የያዘው ብሩን ወዶ ብቻ አይመስለኝም። «ማንም አላመሰገነኝም» የሚል ነገር ልቡ ውስጥ ይኖራል። የምትመርጡት ሰው መጀመሪያ ይህን የሚሰማ ይሁን። ሂሳብ ከዚያ በኋላ ነው። ገና ሳይቀመጥ ወረቀትና ካልኩሌተር የሚያወጣ ሽማግሌ አይጠቅማችሁም፣ የተማረም ቢሆን።

ከአሌክሳንድሪያ
እህትሽ ጎረቤቴ ሳትሆን አትቀርም፣ ሃሃ። እኔም በወንድሞቼ ጉዳይ በዚህ አልፌያለሁ። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የምስክር ወረቀት የሚሰጣቸው አስማሚዎች አሉ፣ ዝርዝራቸውም ድረ ገጹ ላይ ይገኛል። ሥነ ሥርዓታቸው ደስ ይላል። ግን አዲስ አበባ ላለ ቤት የእኛን ሕግ የሚያውቅ እዚያው ያለ ሰው ይሻላል።

እኔን ያደከመኝ ውክልናው ነው። ለአጎቴ ጠቅላላ ውክልና ልኬ «ይህ ለመስማማት አያስችልም» ተብሎ ተመለሰ። እንደገና ኤምባሲ ሄጄ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቦ፣ ሁለት ወር በላ።

ጠበቃው
የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ጉዳይ ነው። ቤት ለመሸጥ፣ ለመታረቅ፣ ለግልግል ለመስማማት ልዩ የውክልና ሥልጣን ያስፈልጋል። ስለዚህ እህትሽ «ስለ እናታችን ቤት ለመደራደር፣ ለመስማማት፣ የመካፈያ ውል ለመፈረም» የሚሉትን ቃላት አንድ በአንድ ታስጽፍ። ውክልናውን ደግሞ ለአንቺም ለወንድምሽም ባትሰጥ እመርጣለሁ። እናንተ ራሳችሁ ተከራካሪ ናችሁ።

አስማሚውን ስትይዙ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ጉዳይ እንደሚያይ (ቤቱን ብቻ ነው ወይስ ያለፈውን ኪራይም?)፣ እስከ መቼ እንደሚጨርስ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና ሦስታችሁ እኩል እንደምትከፍሉ። እዚያ የተባለው እዚያው እንደሚቀር፣ ነገ ክስ ቢመጣ እሱ ምስክር ሆኖ እንደማይቆምም ጻፉበት። ከመቅጠራችሁ በፊት በግልጽ ጠይቁት፦ ከአንዳችን ጋር ዝምድና፣ እቁብ፣ ብድር፣ የሥራ ግንኙነት አለህ? ስንት የውርስ ጉዳይ አስማምተሃል? ባንስማማስ ምን ታደርጋለህ? ለመጨረሻው «አስገድጄ አስማማችኋለሁ» ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ጃንሜዳ
እሺ ተሸነፍኩ። ግን የኪራዩን ደረሰኝና ውል አስቀድሞ እንዲያመጣ ጠይቁት። ባዶ እጁን ከመጣ የጋሼም እንባ አያዋጣም።

የቀበናዋ (ከ9 ቀን በኋላ)
ጠበቃ አማከርኩ፣ ቀኑን ነገረኝ፣ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ወንድሜን ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። ከኪራዩ በፊት ስለ እናታችን አወራን። እኔ ጀመርኩት፣ ጋሼ እንዳሉኝ። ብዙ አልተናገረም፣ ግን ሰርቪሶቹን የተከራዩትን ሰዎች ውል ራሱ አውጥቶ አሳየኝ። ከሁለት ወር ኪራይ ጣሪያ አሠርቷል፣ እኔ አላውቅም ነበር።

አበልጁን በክብር ለመተው ተስማማ። አሁን ሁለት ስም ይዘናል። አንዷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፣ ሌላው እናታችንን የሚያውቁ የደብሩ ቄስ። እህቴም እንድትኖር ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት በስልክ ሁለቱንም እናነጋግራለን፣ እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ይሆናል።

ጋሼ፣ ቄሱ የወንድሜም የእኔም ነፍስ አባት ናቸው። ይህ ያስቸግራል?

ጋሼ ሽበት
የሁለታችሁም ከሆኑ ጥሩ ነው። ግን አሜሪካ ያለችው ልጅስ? እሷን ጠይቂያት። ለእሷ ካልከበዳት፣ ዳኛዋ ያስማሙ፣ አባ አጠገባቸው ይቀመጡ።