ሬንጅ የመኪና ቀለም ሳይጎዳ እንዴት ይለቃል?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። አዲስ አስፋልት በሚነጠፍበት መንገድ አልፌ ነጯ መኪናዬ ሬንጅ በሬንጅ ሆናለች። በተለይ ከጎማዎቹ ኋላ ያለው የበሮቹ የታችኛው ክፍል ብሶበታል። ነጠብጣቦቹ የምስር ፍሬ ያክላሉ፤ ጠርዛቸው ደርቋል፣ መሃላቸው ግን በጥፍር ሲነካ ገና ይለጠጣል።

በውሃና በሻምፑ ባጥበው ንቅንቅ አላለም። ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ስለሆነ በውሃ እንደማይሟሟ ይገባኛል። አንዱ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ለጥፈህበት ቆይ ይለኛል፣ ሌላው ቲነር ይላል። ቲነሩን ግን ፈራሁት፤ ቀለሙን ይዞት ሊነሳ ይችላል። በምላጭ መፋቅማ አይታሰብም!

በናፍጣ የሞከራችሁ፣ ምን ያህል ደቂቃ ታቆዩታላችሁ? ቀለሙን አያደበዝዝም? ፕላስቲኩ ላይስ ይሆናል? ከታጠበ በኋላ ሰም መቀባት አለብኝ? መኪናዋን በጣም ነው የምሳሳላት፤ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።