ጥቆማ፦ ኮምቦልቻ ላለ ስፌት ቤት ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ራዲዮ

የቦርከናዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እህታችሁ ጥቆማ ትፈልጋለች። ኮምቦልቻ ውስጥ ላለ ስፌት ቤት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት የሚከፈት ራዲዮ። ጠዋት ዘፈን፣ ቀን ላይ የባህል ጨዋታና ቀልድ፣ ቅዳሜና እሁድ ኳስ እንዲሰማበት ነው። ሁሉንም የሚያቀላቅለው የቱ ጣቢያ ነው? መብራት ሲጠፋም የሚያገለግለው የትኛው ዕቃ ነው? አምስት የስፌት መኪና አለ፤ መኪናዎቹ ሲነሱ ራዲዮው ይንጫጫል። ከደሴም ቢሆን መጥቼ እገዛለሁ።

ጦሳ ሥር፦
እህቴ፣ ጣቢያውን ልመልስልሽ። አንዱን ከፍቶ ቀኑን ሙሉ መዋል አይሆንም። እኛ አካባቢ ያሉት የደሴዎቹ አማራ ኤፍ ኤም 87.9 እና ፋና ኤፍ ኤም 96.0 ናቸው፤ ሁለቱንም ይዘሽ እያፈራረቅሽ ስሚ። የኤፍ ኤም መዝናኛ ብዙ ጊዜ የአየር ሰዓት የገዙ አዘጋጆች የሚሠሩት ነው። ውላቸው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ሰዓት ይቀይራል፣ አንዳንዴም ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ጣቢያ ይገባል። ስለዚህ ጣቢያ ሳይሆን ፕሮግራም ተከተይ። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፊና ለአንድ ሳምንት የወደዳችሁትን ከነሰዓቱ ጻፉት።

ለኳሱ ደግሞ ይህን ያዢ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ ዋናዎቹ ጨዋታዎች አሁን በእኛ 11 ሰዓት የሚጀምሩ ከሆነ፣ እንግሊዞች ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሰዓታቸውን ሲመልሱ 12 ሰዓት ይሆናሉ፤ እስከ መጋቢት አጋማሽ እንደዚያው ነው። 1 ሰዓት ላይ ቤቱን ከዘጋሽ በእነዚያ ወራት ሁለተኛው አጋማሽ በሙሉ ያመልጥሻል። የቀን መክፈቻው ጨዋታ ግን 8 ሰዓት ተኩል ወይም 9 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ሥራ ላይ ሆናችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ገራዶ፦
ጣቢያው ይቆይ፣ ዕቃውን ተጠንቀቂ። እኔ የማውቀው ደሴ ሰኞ ገበያ ካሉት ሱቆች ከአንዱ የተገዛ፣ ፍላሽ የሚያነብ ባለ አምፖል ራዲዮ ነው። ባትሪው ላይ 3000 ተብሎ ተለጥፎበታል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። ሲከፈት ውስጡ ያለችው የድሮዋ የኖኪያ ባትሪ ናት። ጣቢያም አይዝም፦ 96.0 ላይ አስተካክለሽ ዞር ስትይ ይሸሻል። ሱቁ ሲጠየቅ «ከወጣ አይመለስም» ነው መልሱ። አምፖልና ፍላሽ ያለበት ዕቃ አትግዢ።

ሸዋ በር፦
ፒያሳ ያለው ሱቅ እያለ ሰኞ ገበያ ምን አስኬደህ? ሰውየው ከፍቶ አሰምቶ ነው የሚሸጥ። ከእሱ ገዝቶ የተቆጨ የለም።

ገራዶ፦
አሰምቶ መሸጥ ማስረጃ አይደለም። ደሴ ፒያሳ መሐል ላይ የማይሰማ ራዲዮ የለም፤ ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው የሚፈተነው። ዋስትና በጽሑፍ ይሰጣል ወይ?

ሸዋ በር፦
ቃሉ ዋስትናው ነው ወላሂ።

ዶሮ መዝለያ፦
የፒያሳውም የሰኞ ገበያውም ዕቃ ከአንድ መኪና የሚወርድ ነው። እኔ ግን የፒያሳውን ነው የምመርጥ።

የአራዳ ልጅ፦
እህታችን የጠየቀችው ራዲዮ ነው፤ እናንተ ለሱቅ ሽማግሌ ተልካችኋል እንዴ? መኪና ሲነሳ ይንጫጫል ብላለች፤ ይህን የመለሰላት አንድ ሰው የለም።

ቴፕ ሠሪው፦
ልጄ አብሽሪ፣ እሱ መላ አለው። መጀመሪያ ጩኸቱ በየት እንደሚገባ ለዪ። ራዲዮውን ከሶኬት ነቅለሽ በባትሪ ክፈቺ። ከዚያ አንዷ ልጅ ፔዳሉን ትርገጥ። ጩኸቱ ከጠፋ የሚገባው በመብራት መስመር ነው፤ ካልጠፋ በአየር ነው።

በመስመር ከሆነ ራዲዮውን መኪኖቹ ከተሰኩበት ኤክስቴንሽን አውጥተሽ ሌላ ሶኬት ላይ አድርጊው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋተኛው ርካሽ ቻርጀር ነውና እሱንም ቀይረሽ ሞክሪ።

በአየር ከሆነ መኪኖቹን አንድ በአንድ አስነሺ። የእግር መኪና ምንም አይልም። ከጠረጴዛ ሥር ትልቅ ሞተር ያለው የፋብሪካ መኪና ሲነሳ ጠቅ ያደርግ እንደሆነ ነው እንጂ እየሠራ አይረብሽም፤ ካርቦን የለውም። የሚንጫጫው ጎኑ ላይ ትንሽ ሞተር የተለጠፈለት የቤት መኪና ነው። በዚያ ሞተር ውስጥ ሁለት ካርቦን አለ፤ ሲያጥር ብልጭታው ይበዛል፣ ብልጭታው ነው ራዲዮው ውስጥ የሚሰማሽ። ካርቦኑን ማስቀየር ግማሹን ይፈታል። ሌላውን ግማሽ ሠሪ ሞተሩ ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ 275 ቮልት የሚል፣ ለመብራት መስመር የተሠራ ካፓሲተር በመጨመር ያወጣዋል። ከድሮ ራዲዮ የተነቀለ ተራ ካፓሲተር እንዳያስገባብሽ፤ ሲፈነዳ እሳት ያመጣል። አዲሱ ዝም ያለ የሰርቮ ሞተር ከሆነ ግን ካርቦን የለውም፤ ጩኸቱ ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ነው፣ ራዲዮውን ቢያንስ ሦስት ሜትር ማራቅ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ ገራዶ ያለው እውነት ነው፤ ጥፋቱን ግን አምፖሉ ላይ አታላክክ። የኖኪያዋ ቢ ኤል 5 ሲ ደህናዋ 1020 ሚሊአምፒር-ሰዓት ናት። ትንሽ ራዲዮ በመካከለኛ ድምፅ ከ100 እስከ 150 ሚሊአምፒር ይበላል፤ ስለዚህ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ትሄዳለች። በሁለት ሰዓት ከሞተች አሮጌ ናት ወይም የውሸት ናት። በእሷ ስፋት 3000 አይገባም። ስትገዢ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ በጣትሽ አሽከርክሪያት፤ እንደ እንዝርት ከዞረች ሆዷ አብጧል፣ አትውሰጃት። አንቺ የምትፈልጊው 11 ሰዓት ነው። እንደ ጣት ክብ የሆነችውን 18650 የምትወስድ ራዲዮ ፈልጊ፤ 2600 የሚል ደህና ባትሪ ይዞ ሙሉ ቀን ይውላል። ድንጋይ የሚበላ ከመረጥሽ ትልቁን ድንጋይ የሚወስደውን ያዢ፤ ሲያልቅ ግን ውስጡ አትተዪው። ውሃ ያወጣና ሞላውን ይበላዋል።

ሆጤ፦
ዲሽ ካለሽ እኮ ራዲዮ ጣቢያዎች እዚያው አሉ። ቴሌቪዥኑን ስፒከር ላይ ሰክተሽ ተገላገይ።

የአራዳ ልጅ፦
መብራት ሲጠፋም የሚያገለግል ብላለች። ጥያቄውን አንብበህ መልስ።

ሐይቅ መንገድ፦
በስልክም ይሆናል። ኤፍ ኤም ያለው ስልክ አብዛኛው የጆሮ ማዳመጫ ካልተሰካ አይከፍትም፤ ገመዱ ነው አንቴናው። ሰክተሽ ድምፁን ወደ ስፒከር አዙሪው፣ ዳታ አይበላም። በኢንተርኔት ከሆነ ግን አስቢበት። በ64 ኪሎቢት የሚለቀቅ ጣቢያ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ 11 ሰዓት ሲሰማ 320 ሊጠጋ ነው። በ128 ከሆነ እጥፍ ነው። ኳስ ላይ ደግሞ ይዘገያል፤ ጎረቤት ጎል ብሎ ጮኾ ሲጨርስ አንቺ ገና ማዕዘን ምት ላይ ነሽ።

ባቲ ሰኞ፦
ስለ ባህሉ አንድ ነገር ልጨምር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ እያልን የምንሰማቸው ቅኝቶች በትንሽ ስፒከር ሲሰሙ ይበላሻሉ። አምባሰል ከመነሻው ቀጥሎ የሚረግጠው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ያቺ ግማሽ ናት የምታለቅሰው። ጥራት የሌለው ስፒከር ክራሩን አፍኖ ከበሮውን ብቻ ያስጮኸዋል። ባስ የሚል ቁልፍ ካለው አጥፊው። የማሪቱ ለገሠ ድምፅ ያለ ባስ ነው ጥርት የሚል።

ሸዋ በር፦
የፒያሳው ሱቅ ትልልቅ ስፒከርም አለው።

ቧንቧ ውሃ፦
ቀልዱስ? ለቀልድ ራዲዮ አትጠብቂ። የልመነህ ታደሰንና የአለባቸው ተካን የድሮ ቀልዶች በፍላሽ አስጭነሽ ማስታወቂያ ሲበዛ ወደዚያ ዙሪ። ለዚህ ሲባል ፍላሽ የሚያነብ ዕቃ ይሻላል፤ ገራዶ አትግዢ ያለሽን አትስሚ።

ገራዶ፦
ፍላሹን አልጠላሁም። ገንዘቡን መልስ ስለው «ከወጣ አይመለስም» ያለኝን ነው የምናገር። ሰው ይወቀው።

ጦሳ ሥር፦
ጋሼ ቴፕ ሠሪው፣ የሚሸሸውን ነገር አልመለሱም። የትኛውን ዓይነት ትገዛ ይላሉ?

ቴፕ ሠሪው፦
በእጅ እየተሽከረከረ በቀይ መስመር የሚይዘው ሲሞቅ ይሸሻል፤ ርካሹ ደግሞ ባትሪው ሲደክምም ይሸሻል። በቁጥር የሚይዘውን ትግዛ፣ 87.9 ብላ 96.0 ብላ ሴቭ ታደርጋለች። ቴክሰን ፒ ኤል 310 ካገኘች ጥሩ ነው፤ ሦስት ትንንሽ ድንጋይ ይወስዳል፣ ኤፍ ኤሙ ኃይለኛ ነው። ድምፁ ግን ለአምስት መኪና ያንሳል፤ በማዳመጫ ቀዳዳው ከስፒከር ጋር ታገናኘው። ቴክሰን አር 9012 ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን የእጅ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ ላይ፤ መሐል ተራራ አለ። ኤፍ ኤም ተራራ አያልፍም፣ ከተራራ ተላትሞ ይመጣል እንጂ። ስለዚህ ሞገዱ በሁለት መንገድ ይደርስና «ስ» እና «ሽ» የሚሉ ድምፆች ይፍጨረጨራሉ። ያኔ አንቴናውን መጎተት አይፈታውም፤ እንዲያውም አሳጥሪው፣ ራዲዮውንም ግማሽ ሜትር ግማሽ ሜትር እያንቀሳቀስሽ ሞክሪ። ሹክሹክታ ብቻ ከሆነ ግን ሞገዱ ደክሟል ማለት ነው፤ ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ ቀይሪ።

ያ ካልበቃ የሽቦ አንቴና ይሠራ። የዲሽ ገመድ፣ አንድ ሜትር ከ60 እንጨት፣ ሁለት የመዳብ ሽቦ እያንዳንዱ 77 ሳንቲሜትር። ለ87.9 ብቻ ቢሆን 81፣ ለ96.0 ብቻ ቢሆን 74 ነበር፤ 77 ሁለቱንም ያስታርቃል። ሽቦዎቹን እንጨቱ ላይ ግራና ቀኝ ዘርጊ፣ መሐል ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ክፍት ይሁን። የገመዱ የመሐል ሽቦ ከአንዱ፣ ጥልፍልፉ ከሌላው ጋር በስታኞ ይበየድ። ሁለቱ ከተነካኩ አንቴና የለሽም፤ አብዛኛው ሰው እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው። ከቆርቆሮው በላይ አውጪው፣ ጫፉ ሳይሆን ጎኑ ወደ ደሴ ይዙር፤ ተጋድሞም ቆሞም ይሞከር። የመብራት ሽቦ አጠገብ ግን በፍጹም እንዳይደርስ። በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ ሲያጉረመርም ገመዱን ከራዲዮው ንቀይ።

ሐርቡ፦
ጋሼ፣ ሐርቡ ላይስ ይሠራል? እኛ ጋ 87.9 ቀን ይገባል፣ ማታ ሌላ ነገር ይደርብበታል።

ቴፕ ሠሪው፦
ሰዓቱን መዝግብ። መብራት ከበራ በኋላ ብቻ ከሆነ የኤል ኢ ዲ አምፖል ነው፤ የቤቱን አምፖሎች አንድ በአንድ እያጠፋህ ፈልገው። ጎረቤት ቤትም ሊሆን ይችላል።

የቦርከናዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። በባትሪ ሞክሬው ጩኸቱ አልጠፋም። ሁለቱ የእግር መኪና ናቸው፣ ሁለቱ ትንሽ ሞተር ያላቸው፣ አንዱ ሰርቮ ነው። ሰርቮውን ሳጠፋው ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ካርቦኑን ኮምቦልቻ ውስጥ የሚቀይር ታውቃላችሁ?

ሸዋ በር፦
የፒያሳው ሱቅ አጠገብ አንድ ሠሪ አለ፤ ሞተሩን ፈትተሽ ይዘሽ ነይ።